አፕሉን የወለወልኩበት ጨርቅ

አዳማ ውስጥ መልኬን የሚያውቀው ብዙ ነው፤ ስሜን የሚያውቀው ግን ጥቂት። ገበያ ስገባ፣ ባጃጅ ስጠብቅ፣ እሁድ ከጸሎት ስወጣ አንዱ ከፌስታሉ አፕል መዝዞ አፍንጫዬ ሥር ይደቅነዋል። «እትዬ፣ ይሄ ይበላል?» ሰላምታ የለ፣ እንዴት ዋሉ የለ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የምግብ ተቆጣጣሪ ሆኜ ስኖር ያተረፍኩት ዝና ይኸው ነው። አንዳንዱ እንዲያውም መልሴን ሳይጠብቅ ይገምጠዋል። ኧረ ቢያንስ እስክናገር ጠብቅ እላለሁ በሆዴ።

ባለፈው ሰኔ ጡረታ ወጣሁ። ባልደረቦቼ ሻይ አፍልተው፣ ዳቦ ቆርሰው፣ ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ። ሁለት ሦስቱ አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም። ማህተሙን አስረክቤ ከግቢው ስወጣ ትከሻዬ ሲቀለኝ ተሰማኝ፤ ያለ ሐፍረት ነው የምናገረው፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ጌታ ይመስገን፣ ከእንግዲህ የኔ ፊርማ ማንንም አያሳምምም አልኩ። ሰው ይህን ሲሰማ ግራ ይገባዋል። የሺ እባላለሁ፤ እንዲህ ያልኩበት ምክንያት ስላለኝ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያ ምድቤ ዝዋይ ነበር፣ የዛሬዋ ባቱ። ከግብርና ኮሌጅ ወጥቼ ቲማቲምና ሽንኩርት ለሚያለሙ ገበሬዎች የፀረ ተባይ አጠቃቀም እንዳስተምር ተላክሁ። መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ሄጄ ጥቂት ሳምንት ሠልጥኛለሁ፣ ደብተሬ ሙሉ ነው። ማሳ ስደርስ ግን ሰዎቹ ባዶ እግራቸውን፣ ያለ ጓንት፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘው ይረጫሉ። ገበሬው ፀረ ተባዩን መድኃኒት ነው የሚለው። ከሱቅ በሊትር ይገዛና የተረፈውን በውሃ ፕላስቲክ ቀድቶ ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለአማች ያካፍለዋል። ስስት ነውር ነው፤ ጨው እንደሚካፈለው መድኃኒቱንም ይካፈላል። በፕላስቲኩ ላይ ስሙም፣ መጠኑም፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይለቀም መቆየት እንዳለበትም አይጻፍም። ያንን ሁሉ የሚያውቀው የመጀመሪያው ዕቃ ላይ ያለው ወረቀት ነው፣ እሱም ሱቅ ቀርቷል።

ሥራን ያስተማሩኝ ጋሼ ገመቹ እዚያው ነበሩ። የአርሲ ሰው ናቸው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። አማርኛቸው ውስጥ «ሱታ» የምትለዋን ቃል ሳያስገቡ ሁለት ዓረፍተ ነገር አይናገሩም። ቀስ በይ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ቀስ ማለት አልፈጠረብኝም፤ ስበላም፣ ስጽፍም፣ ስፈርድም ችኩል ነኝ።

በኋላ ምግብ ቁጥጥር አብረን ስንሠራ ያየሁት ልማዳቸው ለጉድ ነው። ሰው ሁሉ ፍሬ ከነካ በኋላ እጁን ይታጠባል፤ እሳቸው ከመንካታቸው በፊት ነው የሚታጠቡት። «የኔን እጅ ቆሻሻ ለነጋዴው ልቆጥርበት ነው እንዴ?» ይሉ ነበር። መጋዘን ሲገቡ ባለቤቱን ሰላም ብለው ያልፉና ከጫኝና አውራጁ ጋር ነው ወሬ የሚይዙት። ስለ ፍሬው አይጠይቁትም፤ ልጆች ስንት ናቸው፣ ጀርባህን እንዴት አደረገህ፣ እዚህ ውስጥ ስትውል ራስህን አያምህም ይሉታል። እሱም ሳይታወቀው የመጋዘኑን ምሥጢር ሁሉ ይነግራቸዋል። ካርቶን ሲከፍቱ ከክምሩ ላይኛውን፣ መሃለኛውንና የታችኛውን ነው። ከዚያ ወደ ጓዳው ጥግ ይሄዳሉ፤ በሩ ጀርባ፣ መጥረጊያው የሚቆምበት፣ ማንም የማያሳየውን ቦታ። በእርሳስ ነው የሚጽፉት፤ በቀዝቃዛ ክፍል እስክሪብቶ ስለሚያስቸግር። ከነጋዴ አንዲት መንደሪን እንኳ ተቀብለው አያውቁም፣ ውሃ ግን ይጠጣሉ። ውሃ እንቢ ማለት ሰውን መናቅ ነው ይላሉ።

ከዝዋይ በኋላ ሁለታችንም በተለያየ ጊዜ ወደ ከተማ ሥራ፣ ወደ ምግብ ቁጥጥር ተዛወርን። ላንጋኖ ዳር ያሉትን ሆቴሎች እንፈትሽ ነበር። አንዱ ሆቴል ደርሰን የምግብ አዳራሹ ጠረጴዛ ላይ የተደረደረው አፕል ያብረቀርቃል። ጋሼ አንዱን አነሱና ጣታቸውን አሹ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ለካ ለእንግዳ እንዲያምር በዘይት ነው የሚያሸው። «ልጄ፣ ፀጉሩን ቀባህለት፣ አሁን ደግሞ አበጥረው» አሉት። ሰውዬው ራሱ ሳቀ። ከሥሩ ያለው አቧራና ከውጭ ይዞት የመጣው ሰም ሳይታጠብ ነበር በዘይት የታሸው፣ ሁሉንም አሳጥበን ሄድን። ደሞዙ ደሞዝ አልነበረም፣ ያም ሆኖ እነዚያን መንገዶች እወዳቸው ነበር።

አዳማ ስንመጣ ያገኘነው አለቃ የወረቀት ሰው ነው። ክፉ አይደለም፣ ሰነድ ሲያይ ልቡ ይረጋጋል እንጂ። ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመጣው ፍራፍሬ ማህተም ያለው ወረቀት ይዞ ከመጣ ለሱ ነገሩ አለቀ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ልክ ነበር። ከውጭ የሚመጣ አፕል እንዳይደርቅ ሰም ይቀባል፣ እንዳይሻግት ኬሚካል ይነካዋል፤ መጠኑ ከተጠበቀና ሰው አጥቦ ከበላው ያን ያህል የሚያስደነግጥ አይደለም። ከተማው ግን አያምንም። «ወር ሙሉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የማይበሰብስ ነገር ምን ቢደረግበት ነው?» ይላል። እኔም ራሴ የሰው ወሬ ገብቶብኝ መጥፎ ነገር ሁሉ ከባሕር ማዶ ተረጭቶ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደዚያ ነገር ልምጣ። የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት ግድም ነው። መናኸሪያ አካባቢ ካለ አንድ ትልቅ መጋዘን የወጣ አፕል ይሸታል ብለው ቸርቻሪዎች ቢሯችን መጡ። ጋሼ ገመቹ ወንድማቸው ሞቶባቸው ለቅሶ አርሲ ሄደዋል። ብቻዬን ሄድኩ።

መጋዘኑ ውስጥ ገብቼ ስተነፍስ ሽታውን አወቅሁት። ከየት እንደማውቀው ግን ሊመጣልኝ አልቻለም። ነጋዴው «ከውጭ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚሸተው፣ እትዬ፣ ኮንቴይነር ውስጥ ታፍኖ ከርሞ» አለኝ። ወረቀቱን አሳየኝ፣ ወረቀቱ ንጹሕ ነው። እኔም የውጭውን ኬሚካል ልይዘው ነው ብዬ ቸኮልኩ። ጓንት አደረግሁ፣ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች አሥራ ሁለት ፍሬ ወሰድኩ፤ ውጤቱ እስኪመጣም መጋዘኑን አሸግሁ። እስከዚህ ድረስ ጋሼ ቢያዩኝ እንከን አያወጡልኝም።

ቢሮ ይዤው ስደርስ አፕሎቹ አቧራ ለብሰዋል። የአዳማን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከመኪና እስከ በር ድረስ ብትሄጂ የሻሽሽ ቀለም ይቀየራል። ናሙናው ደግሞ አዲስ አበባ ነው የሚሄደው፣ ላቦራቶሪ፣ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሰዎች ዘንድ። እናቴ ያሳደገችኝ ሰው ቤት የሚላክ ነገር ተወልውሎ ነው እያለች ነው፤ ዕንቁላል እንኳ ስትልክ ታጥባለች። ናሙና እንዳይታጠብ ተምሬያለሁ፣ አላጠብኩትምም። እርጥብ ጨርቅ አመጣሁና አንድ በአንድ አሸሁት፣ ጥርት አድርጌ። የአዳማ ሰዎች ቆሻሻ ናቸው እንዳይሉን ነበር ሐሳቤ። በወረቀት ከረጢት አድርጌ፣ በረዶ ባለበት ሳጥን አሽጌ፣ በጠዋት አውቶቡስ ላክሁት። ጨርቁን መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት።

ውጤቱ ከአሥር ቀን በኋላ መጣ። ከተፈቀደው መጠን በታች። ፈረምኩ። መጋዘኑ ተከፈተ።

በአራተኛው ቀን ከሆስፒታል ተደወለ። መናኸሪያው ጥግ ፍራፍሬ የምትቸረችር ብርቄ የምትባል ልጅ ታማ ገብታለች። ብርቄን በዓይን አውቃታለሁ፤ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ባሏ ሥራ ፍለጋ ሄዶ የቀረባት፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር። ካርቶን ከዚያ መጋዘን ወስዳ ትሸጣለች። የተጎዳውን፣ ደንበኛ የማይወስደውን ደግሞ ራሷ ነው የምትበላው፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ እያደረገች። ለልጁ ይጠቅመዋል ብላ ያን ሰሞን አብዝታለች።

ስደርስ አልጋው ላይ ላቧ ይንቆረቆራል። ምራቋ መቆም አልቻለም፣ ክንዷ ላይ ሥጋዋ እየዘለለ ይንቀጠቀጣል፣ የዓይኗ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ መቂ ሠርቶ የመጣ። «እንዲህ ሆነው የሚመጡ ረጪዎችን ብዙ አክሜያለሁ። ይሄ የቲማቲም መድኃኒት ነው» አለኝ። ያኔ የመጋዘኑ ሽታ ከየት እንደነበር ገባኝ። ዝዋይ። ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር አልነበረም፣ ሥራ የጀመርኩበት ማሳ ሽታ ነው።

«ልጁስ?» አልኩት።

«ልቡ ይመታል። ጉዳት ይኑረው አይኑረው ግን አሁን አላውቅም። ተወልዶ፣ አድጎ ነው የሚታወቀው።»

መርፌውን እየደጋገሙ ወጓት። እኔ የአልጋውን ጫፍ ይዤ ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ እል ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት ጋሼ ገመቹ ከለቅሶው ቀጥታ መጡ፣ ጥቁር ኮታቸውን እንደለበሱ። ብርቄ ምራቋ ቆሞላት ዓይኗን መግለጥ ጀምራለች። ጠያቂዎቿ፣ እነዚያ አብረዋት የሚቸረችሩ ሴቶች፣ ባዶ እጃችንን አንሄድም ብለው ኮሞዲኖው ላይ ምን ቢቆልሉ ጥሩ ነው? አፕል። ከዚያው መጋዘን። ጋሼ ፌስታሉን ሁሉ ሰብስበው አስያዙኝና ኮሪደር አወጡኝ።

«በጓንት ነው የወሰድሽው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ከላይም ከታችም?»

«ከመሃልም።»

«በወረቀት ከረጢት?»

«አዎ።»

«ከረጢቱ ውስጥ ከመክተትሽ በፊትስ ምን አደረግሽ?»

«ምንም። አቧራውን ብቻ ጠረግሁለት።»

አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። እኔም እሳቸውን ሳይ ያደረግሁት ነገር ገባኝ። ለላቦራቶሪው የላክሁት አፕሉን ነው፣ መርዙን ግን ቢሮ አስቀርቼዋለሁ።

«ጨርቁስ?» አሉኝ። «አጥበሽዋል?»

አላጠብኩትም። ስንፍና በሕይወቴ የጠቀመችኝ ያን ቀን ብቻ ነው። መስኮቱ ላይ ደርቆ እንደተሰቀለ ነበር። ቢሮ ስንደርስ ጋሼ እጃቸውን ታጠቡ፣ ጓንት አደረጉ፣ እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው አውርደው ወረቀት ውስጥ ከተቱትና ላቦራቶሪ ላኩት። መጋዘኑን በዚያው ቀን እንደገና አሸጉት። ከማሸጋቸው በፊት እንደ ልማዳቸው ከጫኞቹ ጋር አወሩ፣ ከዚያ ወደ በሩ ጀርባ ሄዱ። መጥረጊያው ጎን፣ ግማሽ የጎደለ የውሃ ፕላስቲክ። መጋዘን ጠባቂው ጎልማሳ ሰው ነው፣ ሲጠየቅ አልዋሸም። «ዝንቡ አስቸገረኝ፣ ጌታዬ። መቂ ያለ ወንድሜ ነው የሰጠኝ። ቲማቲም ላይ ይረጩታል፣ ቲማቲሙን ደግሞ ሰው ይበላዋል። ምን አለበት ብዬ ነው አፕሉ ላይ የረጨሁት።» ገበሬው ከረጨ በኋላ ቀን ቆጥሮ እንደሚለቅም እሱ በምን ይወቅ? ማን ነገረው? ያን ነገር እንዳስተምር ዝዋይ የተላክሁት እኔ ነበርኩ።

የጨርቁ ውጤት ሲመጣ ሐኪሙ ያለው ሆነ። አፕሉ ሁሉ ተቃጠለ። ነጋዴው ተቀጣ፣ የብርቄንም ሕክምና ሸፈነ። ከዚያ ሪፖርት መጻፍ መጣ። አለቃችን ጠርቶ በር ዘጋና «የመወልወሉን ነገር ተይው። ላቦራቶሪው ነው የተሳሳተው ብለን እንለፈው። ለአንቺ ብዬ ነው» አለኝ። ለእኔ ብሎም ነበር፣ አልክደውም። ልቤ ወደ ምክሩ አዘነበለ። ለጋሼ ስነግራቸው አልተቆጡኝም። «ካልጻፍሽው ቀጥሎ የሚመጣው ሠራተኛም ይወለውላል። እሱም እናት አለችው» አሉኝ። ጻፍሁት። ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ከደሞዜም ተቆረጠ። የናሙና መላኪያው ቅጽ ላይ ግን «አይታጠብ» ከሚለው ጎን «አይወልወል» የሚል ተጨመረ፣ ዛሬም አለ።

ለቢሮው ጻፍሁ። ለብርቄ መንገር ግን አቃተኝ። እሷ የምታውቀው ጠባቂው እንደረጨ ብቻ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ከሆስፒታል ወጥታ ሆዷን ደግፋ «እትዬ፣ እርስዎ ባይደርሱልኝ ኖሮ» ስትለኝ ባጃጅ ጠራሁላት።

ከሁለት ወር በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። ጋሼ ፌኔት ብለው ስም አወጡላት፣ የተመኘናት ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመርኩ። ሳሙና ይዤ፣ ወተት ይዤ፣ አንዳንዴም ምንም ሳልይዝ። ሰው ደግነት ይመስለዋል። ፍርሃት ነው። አንገቷን መቼ እንዳቀናች፣ መቼ እንደተቀመጠች የእናቷን ያህል እኔም አውቃለሁ። ዓመት ሞልቷት ሳትሄድ አንድ ወር ሲጨመር፣ ሁለት ወር ሲጨመር እንቅልፍ የለኝም። ሦስተኛው ወር ላይ ከሳጥን ሳጥን እየተንጠላጠለች ሄዳ ጉልበቴ ላይ ወደቀች። እዚያ ሰው መሃል አለቀስኩ፣ ብርቄ ደንግጣ ልጅቷ መታችዎት ወይ ብላ ሮጠች። አፏን ስትፈታ ደግሞ ተገላገልን ብዬ ነበር፤ እስከዛሬ አልዘጋችውም። አሁን አሥረኛ ክፍል ናት፣ እናቷን በቁመት አልፋታለች፣ ከመምህሮቿ ጋር ሒሳብ ትከራከራለች። ሐኪሙ ተወልዶ አድጎ ነው የሚታወቀው ያለውን ቃል አሥራ አምስት ዓመት ተሸክሜው፣ አንድ ቀን ስትሟገተኝ እያየሁ እፎይ፣ ይህች ምንም አልሆነችም አልኩ። ሙሉ በሙሉ ያመንኩት ያን ቀን ነው።

በሥራዬም ከዚያ በኋላ ቀስ አልኩ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የጨርቁን ታሪክ ሳልነግር ወደ መጋዘን አላስገባሁም። ለሴቶቹ ቸርቻሪዎች እየዞርኩ በሚወርድ ውሃ፣ በእጅ እያሹ ማጠብ እንዳለባቸው አሳየሁ፤ በሳሙና አይደለም፣ በነጠላም አይደለም። ልጣጩ ካጠራጠረ ይላጥ። ከውጭ መጣ፣ ከአገር መጣ፣ ውሃው አንድ ነው። ጋሼ ገመቹ ከኔ በፊት ጡረታ ወጡ፣ ከአምስት ዓመት በፊት አረፉ። ቀብራቸው ላይ ያገኘኋቸው ጫኝና አውራጆች ብዛት ለጉድ ነበር።

ጡረታ ስወጣ ሰበቤ አለቀ። እስከዚያ ድረስ የቢሮ ጉዳይ ነው፣ ፋይል ውስጥ አለ እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። አሁን ቢሮ የለኝም። ባለፈው ቅዳሜ ሄድኩ። ብርቄ ዛሬ በር ያላት ትንሽ ሱቅ አላት፣ ቧንቧ አስገብታለች። ማንጎ ትደረድራለች። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና ቀስ ብዬ ሳይሆን እንደ ልማዴ በአንድ ትንፋሽ አወጣሁት። አፕሉን እኔ እንደወለወልኩት፣ በዚያ ምክንያት ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ እንደመጣ፣ የፈረምኩት እኔ እንደሆንኩ። አንድም ነገር አላስቀረሁም።

ብርቄ ማንጎውን መደርደሯን አላቆመችም።

«አውቃለሁ እኮ፣ እትዬ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ጨርቁን። ጋሼ ገመቹ ሆስፒታል እያለሁ ነግረውኛል። ይህች ሴትዮ ተሳስታለች፣ ትመጣለች፣ ሲሻሽ አባሪያት ብለውኝ ነበር።»

አሥራ ስድስት ዓመት። «ታዲያ ለምን አላባረርሽኝም?»

«መጀመሪያ ላባርርዎ ነበር። ባይደርሱልኝ ኖሮ ያልኩዎትም፣ ስቄ የተቀበልኩዎትም በሆዴ ተናድጄ ነው» አለች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። «ከዚያ ልጄ ስትሄድ አለቀሱ። እኔ እዚህ አገር ዘመድ የለኝም፣ እትዬ። አባቷም አልተመለሰም። አውቃለሁ ብልዎት አፍረው ይቀሩብናል ብዬ ፈራሁ።»

እጄን ያዘችኝ፣ እጇ ከቧንቧው ውሃ ቀዝቅዟል። ደረቴ ውስጥ ታስሮ የኖረው ነገር ተፈታ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም።

«አሁን ተናገሩ፣ ጡረታም ወጡ» አለችኝ። «ቅዳሜ ግን ይመጣሉ አይደል?»

እመጣለሁ አልኳት። ዛሬ ዓርብ ነው።